የተሰረቀ ጥያቄ አጥንቶ ጠባቂ መሆን አይቻልም

«ሴኪዩሪቲ ፕላስ» በሚል ስም የሚታወቀውን የኮምፒውተር ደህንነት ፈተና አንድ ጊዜ ለመቀመጥ ከ400 ዶላር በላይ ይከፈላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ይህ ገንዘብ በባንክ ተመን 23 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ አሁን ከ50 ሺህ ብር ይበልጣል። ደመወዙ ከወር ወር አልደርስ ለሚለው ጀማሪ የአይቲ ሠራተኛ ይህ የወራት ላብ ነው። የወደቀ ሰው ደግሞ በድጋሚ ለመቀመጥ እንደ አዲስ ይከፍላል። «ዳምፕ» የሚባለው ነገር ገበያ ያገኘው ይህን ገንዘብ ከፍሎ በመውደቅ ፍርሃት መሃል ነው። ከፈተና ክፍል በቃል ተይዘው ወይም በድብቅ ተቀድተው የወጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በቴሌግራም ይቸረቸራሉ፤ ገዢውም የመልሱን ፊደል ከጥያቄው ጋር አያይዞ ይሸመድድና ለፈተና ይቀርባል። ብዙዎች ይህን ቢበዛ ቀላል ማጭበርበር፣ ሲያንስም ብልጠት አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ከዚያ የከበደ ነገር ነው እላለሁ። በዳምፕ የተገኘ የደህንነት ሰርተፊኬት ጉዳቱ ከያዘው ሰው አልፎ ገንዘቡን ባንክ ላስቀመጠ፣ አሻራውን ለዲጂታል መታወቂያ ለሰጠ፣ የሕክምና መዝገቡ በሆስፒታል ኮምፒውተር ላይ ላለ ሰው ሁሉ ይተርፋል። ለተፈታኙም ቢሆን እንደሚወራለት አዋጭ መንገድ አይደለም።

መጀመሪያ ፈተናው የሚጠይቀውን ነገር በቅርበት ማየት ያስፈልጋል። ኮምፕቲያ የተባለው የአሜሪካ ተቋም በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ሥራ ላይ ያዋለው የሴኪዩሪቲ ፕላስ እትም ቢበዛ 90 ጥያቄዎች አሉት፤ የሚሰጠው ጊዜም 90 ደቂቃ ነው። ውጤቱ ከ100 እስከ 900 ባለው መለኪያ ይሰላና 750 ያገኘ ያልፋል። የሚፈተንባቸው ርዕሶች ዝርዝር ምስጢር አይደለም፤ ተቋሙ ራሱ በነፃ ስለሚያወጣው ማንም አውርዶ ሊያነበው ይችላል። ከአምስቱ ክፍሎች ትልቁን ድርሻ፣ 28 በመቶውን፣ የያዘው የዕለት ተዕለት የጥበቃ ሥራ ነው። ሎግ (ሲስተሙ የሚመዘግበውን የክንውን መዝገብ) ማንበብ፣ ጥቃት ሲደርስ ምላሽ መስጠት፣ የሠራተኞችን የመግቢያ ፈቃድ ማስተዳደር፣ ክፍተት ፈልጎ መድፈን እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሥጋቶችንና ድክመቶችን የሚመለከተው ክፍል በ22 በመቶ ይከተላል። ከምርጫ ጥያቄዎቹ ጋር ደግሞ ተፈታኙ ስክሪኑ ላይ በተግባር እንዲሠራ የሚያዙ ጥያቄዎች አሉ። የፋየርዎል ሕጎችን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ደርድር ይባላል፤ ፋየርዎል ሕጎቹን ከላይ ወደ ታች ስለሚያነብ አንድ መስመር ቦታዋን ከሳተች የተከለከለው ይፈቀዳል፣ የተፈቀደው ይከለከላል። ስለዚህ «ፋየርዎል ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ትርጉም የሸመደደ ሰው ገና ደጃፉ ላይ ነው ያለው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ የአንድ ድርጅት ሰርቨር ሎግ ይህን አሳየ እንበል፦ ከአንድ የውጭ አድራሻ ለመግባት ሙከራ ተደረገ፣ አልተሳካም። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሌላ ሙከራ፣ አሁንም አልተሳካም፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ዳምፕ ያጠና ሰው «ብዙ ያልተሳካ ሙከራ» የሚለውን እንዳየ የለመደውን መልስ ይመርጣል፤ ብሩት ፎርስ፣ ማለትም የአንድን ሰው የይለፍ ቃል ደጋግሞ በመገመት ሰብሮ መግባት። ሎግ ማንበብ የለመደ ዓይን ግን ወደ ሌላ ዓምድ ይሄዳል። የተጠቃሚው ስም በየመስመሩ የተለያየ ነው። በአንድ ሰው ላይ ሺህ ቃል እየተሞከረ አይደለም፤ አንድ የተለመደ የይለፍ ቃል በሁሉም ሠራተኞች ላይ አንድ አንድ ጊዜ እየተሞከረ ነው። በሙያው አጠራር ይህ ፓስወርድ ስፕሬይንግ ይባላል፤ ከመጀመሪያው የሚለየውም በስም ብቻ አይደለም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የይለፍ ቃል ደጋግሞ የተሳሳተበትን አካውንት የሚቆልፍ መከላከያ አላቸው። በዚህኛው ጥቃት ግን እያንዳንዱ አካውንት የተሳሳተው አንዴ ብቻ ስለሆነ መቆለፊያው ጨርሶ አይነቃም። ከሠራተኞቹ መካከል የድርጅቱን ስምና ዓመተ ምሕረቱን አጣምሮ የይለፍ ቃል ያደረገ አንድ ሰው ከተገኘ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። መፍትሔውም ይለያል። አካውንቱ ከአምስት ስህተት በኋላ መቆለፉን ትቶ ከሦስት በኋላ እንዲቆለፍ ማድረግ እዚህ ምንም አይፈይድም። የሚጠቅመው ሁለተኛ ማረጋገጫ ማስገደድ፣ የታወቁ የይለፍ ቃላትን አስቀድሞ መከልከል፣ ያልተሳኩ ሙከራዎችንም በመጡበት አድራሻ ጭምር መቁጠር ነው። ፊደል የሸመደደው ሰው በዚያ ሌሊት ተረኛ ቢሆን መቆለፊያውን አጥብቆ፣ ሥራውን የሠራ መስሎት እፎይ ይላል፤ አጥቂው ግን ሥራውን ይቀጥላል።

ደህንነት ሲባል ከሌባ መጠበቅ ብቻ አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሂሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ነገሩ እስኪቆም በሰዓታት ውስጥ ከባንኩ የወጣው ያልተገባ ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑ ተገልጿል፤ አብዛኛው በኋላ ተመልሷል። ባንኩ በወቅቱ እንዳስታወቀው መንስኤው የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በራሱ ሲስተም ላይ ይደረግ ከነበረ መደበኛ የማሻሻልና የፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር። ውስጥ ለውስጥ የትኛው እርምጃ እንደጎደለ ከውጭ ሆኜ መፍረድ አልችልም። ሆኖም የሴኪዩሪቲ ፕላስ የርዕሶች ዝርዝር ገና በመጀመሪያው ክፍል «የለውጥ አስተዳደር» የሚል ርዕስ አለው። ለውጡን ማን አጸደቀው? በሙከራ ሲስተም ላይ ታይቷል? ቢበላሽ ወደ ነበረበት የሚመለሰው እንዴት ነው? በየትኛው ሰዓት ይሠራ? ተፈታኝ «ይሄ ደረቅ ነው» ብሎ በቀላሉ ሊዘለው የሚችል ርዕስ ነው። የአንዲት ሌሊት ሥራ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ከታየ በኋላ ግን ይህን ክፍል በፊደል ሸምድዶ ማለፍን ማንም ባንክ ቀላል ነገር ሊለው አይገባም።

ለዚህ ሁሉ «ጥናት መሸምደድ አይደል እንዴ? እኛም በቃል ጥናት ያደግን ሕዝብ ነን» የሚል መልስ ይሰጣል። ቃል ጥናትን የማቃለል ሐሳብ የለኝም። በርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር በምስጠራ የሚገባበት ኤስኤስኤች በፖርት 22፣ የተመሰጠረ የድረ ገጽ ግንኙነት በ443 እንደሚያልፍ በቃሉ ያልያዘ ሰው ሎግ ሲያነብ በየመስመሩ ይደናቀፋል። ነገር ግን የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ራሳቸው በቃል ጥናት አያበቁም። ንባብና ዜማ በቃሉ የያዘ ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ ሥርዓቱ ይለወጥበታል። ግሱን፣ አገባቡን፣ የቅኔውን ዓይነትና ልክ በቃሉ ይይዛል፤ ይህን ይዞ ግን ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። የሌላ ሰው ቅኔ አምጥቶ ቢያነበንብ ቅኔ ዐወቀ አያሰኘውም፤ በማግስቱም አዲስ ይጠበቅበታል። የደህንነት ፈተና ዝግጅት የሚመስለው ይህንን ነው። ፖርቱና ትርጉሙ ግሱና አገባቡ ነው፤ ያልታየ ሎግ ላይ የራስን ፍርድ መስጠት ደግሞ ቆጠራው ነው።

የሥነ ልቦና ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሥራ ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሎቹ ጽሑፉን ደግመው አነበቡት፤ ሌሎቹ ወረቀቱን ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት ከጽሑፉ ያስታወሱት 42 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ ያህል አስታወሱ። ይህ ለተፈታኝ ሁለት ነገር ይነግረዋል። ዳምፕን ከነመልሱ እየደጋገሙ ማንበብ «ዐውቄዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል፣ ስሜቱም በቀናት ውስጥ ይተናል። የመለማመጃ ጥያቄ ግን በራሱ መጥፎ አይደለም፤ መልሱን ሸፍኖ መሥራት፣ ከዚያም ትክክለኛው ለምን ትክክል እንደሆነ፣ ሦስቱ ስህተቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው ለምን እንደተሳሳቱ በራስ ቃል ማስረዳት ከሁሉ የተሻለ ጥናት ነው። እዚህ ላይ የቋንቋ ነገርም አለ። ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም፤ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋ በደቂቃ አንድ ጥያቄ መመለስ ከባድ ነው፣ ዳምፕ ከሚስብባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ እያነበቡ ምክንያቱን በቡድን በአማርኛ መከራከር ግን ሁለቱንም ችግር አብሮ ያቃልላል። በአማርኛ ለጓደኛው ማስረዳት ያልቻለውን ነገር በእንግሊዝኛ ዐውቀዋለሁ የሚል ሰው ራሱን እያታለለ ነው።

የተሰረቀ ጥያቄ አንድን አገር ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ከኢትዮጵያውያን የተሻለ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ በመላ አገሪቱ ተሰርዟል። ስርቆትና ኩረጃ በየዓመቱ ሲያስቸግር ቆይቶ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ውጤቱ ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ይህ ቁጥር ከኩረጃ ውጭ ብዙ ምክንያት እንዳለው አልክድም፤ የመምህር እጥረት አለ፣ ጦርነት ነበር፣ ወረርሽኝ ነበር። ሆኖም ከዚያ በፊት የነበረው ውጤት የብዙ ተማሪዎችን እውነተኛ ደረጃ ሸፍኖ መኖሩ በግልጽ ታየ። ያንን ድንጋጤ ያየን ሰዎች ያንኑ ልማድ ወደ ባንክና ወደ ቴሌኮም ሰርቨር ክፍል ብናስገባ ይቅርታ የሚደረግልን አይሆንም።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ከባዱ የገንዘቡ ነው፣ ልቤንም የሚነካው እሱ ነው። «ሃምሳ ሺህ ብር ከፍዬ ልወድቅ? ዳምፕ መድኅኔ ነው» የሚል ወጣት ሰነፍ አይደለም፤ ያለው ዕድል አንድ ብቻ መሆኑን ያሰላ ነው። ስሌቱ ግን የጎደለው ነገር አለ። ዳምፕ ሻጭ ለመልሱ ትክክለኛነት ዋስትና የለውም፤ በዳምፕ ውስጥ የተሳሳተ መልስ፣ ከቀድሞ እትም የተረፈ ጥያቄ ሞልቷል፣ የማያውቅ ገዢ ደግሞ ስህተቱን የሚለይበት ዓይን የለውም። ኮምፕቲያም ሆነ ሌሎቹ ሰጪዎች ያልተፈቀደ ማጥኛ መጠቀምን በውላቸው ይከለክላሉ፤ ከተደረሰበት ሰርተፊኬቱ ይሰረዛል፣ ሃምሳ ሺሁም አብሮ ይሄዳል። በሌላ በኩል ሙሉውን የሴኪዩሪቲ ፕላስ ትምህርት ፕሮፌሰር ሜሰር በዩቲዩብ በነፃ ያስተምራል። አይኤስሲ-ቱ የተባለው ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2022 ለአንድ ሚሊዮን ሰው የመጀመሪያ ደረጃ ስልጠናና ፈተና በነፃ ለመስጠት ቃል ገብቶ መርሐ ግብር ጀምሯል። ለዳምፕ የሚወጣውን ጥቂት ገንዘብና ብዙ ሌሊት ወደዚህ ያዞረ ሰው ከመክፈሉ በፊት ማለፍ አለማለፉን በሕጋዊ መለማመጃ ፈተና አስቀድሞ መለካት ይችላል። ድሃ ተፈታኝ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ልኬት ነው።

«የመለማመጃ ሰርቨር የለን፣ ኢንተርኔት ይቆራረጣል፣ መብራት ይጠፋል» የሚሉም አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ሆኖም 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለመጀመር ይበቃል። ቨርችዋልቦክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ሁለት ሦስት ትንንሽ ኮምፒውተሮችን ያስነሳል፤ ሊኑክስም ነፃ ነው። አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ከእነዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ምስጠራ በሌለው አሮጌ የርቀት መግቢያ በቴልኔት ገብቶ ግንኙነቱን የኔትወርክ ፍሰት በሚያሳየው በዋየርሻርክ መመልከት የአንድ ምሽት ሥራ ነው። የተጻፈው የይለፍ ቃል ፊደል በፊደል፣ እንዳለ፣ ስክሪኑ ላይ ይነበባል። ያንኑ በኤስኤስኤች ሲደግሙት የሚታየው ትርጉም የሌለው የቁጥርና የምልክት ጎርፍ ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ምስጠራ ለምን እንደሚያስፈልግ ሁለተኛ መሸምደድ አያሻውም፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በቴልኔት የሚተዳደር ስዊች ካገኘም ዝም ብሎ አያልፈውም።

«አሠሪው የሚጠይቀው ወረቀት ብቻ ነው» የሚለው ክስ ላይ ግን የምከራከረው ብዙ የለኝም። እውነት ነው፣ ጥፋቱም ከተፈታኙ ይልቅ የአሠሪው ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ፈተና የሚያሳድዱት የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለሳይበር ሥራ የሚመደቡ ሠራተኞቹም ኮንትራክተሮቹም ከታወቁ ብቃቶች አንዱን እንዲይዙ ስለሚጠይቅና ሴኪዩሪቲ ፕላስ ከነሱ አንዱ ስለሆነ ነው። በሌሊት ፈረቃ እየሠሩ የሚያጠኑ የቤተሰብ ኃላፊዎች አቋራጭ ቢመኙ አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ሰርተፊኬት ሰጪዎቹ ራሳቸው ወረቀት ብቻውን እንደማይበቃ ያውቃሉ። ሲአይኤስኤስፒ የተባለውን ከፍተኛ ፈተና ያለፈ ሰው በመስኩ በመደበኛው አምስት ዓመት መሥራቱን ካላሳየ፣ ይህንንም የሰጪው ተቋም አባል የሆነ ባለሙያ ወይም ተቋሙ ራሱ ካላረጋገጠለት ማዕረጉን አያገኝም፤ በሥነ ምግባር ደንቡም ይታሰራል። ኦኤስሲፒ የተባለው ደግሞ ተፈታኙን ለ23 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ኮምፒውተሮችን በተግባር ሰብሮ እንዲገባ አድርጎ በላዩ ላይ ሪፖርት ያስጽፈዋል። ሙያው ራሱ እጅን ማየት ከፈለገ የእኛ አሠሪዎች ከወረቀቱ ማኅተም አልፈው የማይመለከቱበት ምክንያት የለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የእምነት ጉዳይ አለ። ማንኛውም ተፈታኝ ጥያቄ አንድ ከመከፈቱ በፊት የፈተናውን ይዘት ለማንም እንደማይገልጽ ቃል የሚያስገባ ውል ስክሪኑ ላይ ቀርቦለት ይስማማል። ዳምፕ ማለት ያ ውል ፈርሶ የተገኘ ነገር ነው፤ ገዢውም የፈረሰ ቃል እየገዛ መሆኑን ያውቃል። የኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የያዘ ተቋም ሁሉ ምስጢራቸውን እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል። ይህን ግዴታ በተግባር የሚሸከመው ሕግ ክፍሉ ሳይሆን የሰርቨሩን የይለፍ ቃል የያዘው ባለሙያ ነው፤ ማንም ሳያየው የማንኛውንም ደንበኛ ሂሳብ ከፍቶ ማየት የሚችለው እሱ ነው። ማንም ሳያየው ውል ማፍረስን በሙያው ደጃፍ ላይ የተለማመደ ሰው ውስጥ ሲገባ የሚተወው በምን ምክንያት ነው?

ስለዚህ ጥሪዬ በመጀመሪያ ለባንኮች፣ ለቴሌኮም ድርጅቶችና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው። ሰርተፊኬቱን መጠየቃቸውን አይተዉ፤ የጋራ መለኪያ መኖሩ ዘመድ የሌለውን አመልካች ይጠቅመዋል። ግን ከቃለ መጠይቁ በፊት ስም የተሰወረበት አንድ ገጽ ሎግ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ለአመልካቹ ግማሽ ሰዓት ይስጡት። ማጣቀሻ ማየትም ይፈቀድለት፤ በሥራ ላይም ይፈቀድለታልና። ምን እንደሆነ፣ በመጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ፣ ለማን እንደሚደውል ይንገራቸው። የተሳካለትን ቀጥረው ያልያዘውን ሰርተፊኬት የፈተና ክፍያ ራሳቸው ይሸፍኑለት፣ ከደመወዙ ቀስ በቀስ ቢቆርጡም ግድ የለም። እንዲህ ቢሆን ዳምፕ የሚያሻሽጠው ፍርሃት ግማሹ ይቀራል። ማሠልጠኛ ተቋማትም «መቶ በመቶ ታልፋላችሁ» የሚለውን ማስታወቂያ አንስተው ተማሪዎቻቸው የሠሩትን የተግባር ልምምድ ዝርዝር ይለጥፉ፤ አሠሪው ያንን ዝርዝር ይዞ ይጠይቅ። ለአንድ ባንክ ይህ ሁሉ የሚያስወጣው አንድ ገጽ ወረቀት፣ የአንድ ነባር ባለሙያ ግማሽ ሰዓትና በጊዜ ሂደት የሚመለስ 50 ሺህ ብር ነው።